የጉንፋን መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊት፦ ከሌላው መድኃኒታችሁ ጋር እንዳይጋጭ እንዴት ታጣራላችሁ?

ጉንፋን ሲይዘን ፋርማሲ ጎራ ብለን «የጉንፋን ስጡኝ» እንላለን። የሚሰጠን ግን ብዙ ጊዜ አንድ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ለትኩሳት፣ አንዱ ለንፍጥ፣ አንዱ ለተደፈነ አፍንጫ፣ አንዱ ለሳል ሆኖ ሦስት አራቱ በአንድ ኪኒን ተጠቅጥቀው ይመጣሉ። ጤነኛ ወጣትን ይህ ብዙም አያስጨንቀውም። የግፊት፣ የድብርት፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከአራቱ አንዱ ሊጋጭበት ይችላል። የትኛው እንደሆነ የፓኬቱ ፊት አይናገርም።

ከታች ያለውን ማጣሪያ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሐኪምንም ሆነ ፋርማሲስትን አይተካም። ፋርማሲ ስትሄዱ ግን የምትጠይቁትን አውቃችሁ ትሄዳላችሁ።

1. የምትወስዱትን ሁሉ ጻፉ

ስልካችሁ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ። የምትጽፉት ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ለዓመታት የዋጡትን የግፊት ኪኒን እንደ መድኃኒት የማይቆጥሩ ብዙ ናቸው። «ኧረ ምንም አልወስድም፣ የግፊቷን ብቻ» ይላሉ። የምንፈልገው ደግሞ እሷኑ ነው። የመድኃኒቱን ፌስታል አምጡና ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት።

ኪኒን ብቻ አትጻፉ። የአስም ፓፍ፣ የዓይን ጠብታ፣ የአፍንጫ ስፕሬይ፣ ሽሮፕ፣ መርፌ፣ ሁሉም ይግባ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ያቆማችሁትንም ጨምሩ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። ጫት፣ መጠጥና ቡናም ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሠራም።

ከሥር ደግሞ ያሉባችሁን ሕመሞች፦ ግፊት፣ ልብ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ፕሮስቴት፣ ግላኮማ፣ እንቅርት። እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት ካለም ይጻፍ።

2. ፓኬቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ

ፊቱ ላይ ያለው ትልቅ ስም የንግድ ስም ነው። እሱን ለጊዜው እርሱት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንትስ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። አገር ቤት በምናገኛቸው ብዙ ፓኬቶች ላይ ደግሞ «ኮምፖዚሽን» ወይም «ኢች ታብሌት ኮንቴይንስ» ከሚለው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ ተዘርዝሯል። ካልታያችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት።

ከአሜሪካ በሻንጣ ከሚገቡት የሌሊት ጉንፋን መድኃኒቶች አንዱን እንመልከት። በእያንዳንዱ ኪኒን ውስጥ አሴታሚኖፌን 325 ሚሊግራም፣ ዴክስትሮሜቶርፋን 10፣ ዶክሲላሚን 6.25፣ ፌኒሌፍሪን 5 ይላል። አሴታሚኖፌን ሌላ ነገር አይደለም፣ ያው ፓራሲታሞል ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን ለሳል፣ ዶክሲላሚን ለንፍጥና ለእንቅልፍ፣ ፌኒሌፍሪን ለተደፈነ አፍንጫ ነው። በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ሁለት ኪኒን ስለሆነ ሁሉንም በሁለት አባዙት።

አሁን ስሞቹን በየቤተሰባቸው መድቡ።

አፍንጫ ከፋቾች፦ ሱዶኤፌድሪን እና ፌኒሌፍሪን። በስፕሬይ መልክ ኦክሲሜታዞሊን እና ዛይሎሜታዞሊን።

የድሮዎቹ አንቲሂስታሚኖች፦ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፌንሃይድራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዶክሲላሚን፣ ትሪፕሮሊዲን። ንፍጥና ማስነጠስን ይቀንሳሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ።

አዲሶቹ አንቲሂስታሚኖች፦ ሴትሪዚን፣ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲን። ለአለርጂ ጎበዞች ናቸው። ለተራ ጉንፋን ግን እምብዛም አይረዱም፤ ገንዘባችሁን ባታባክኑ ይሻላል።

ከብራንዱ ስም ኋላ የምትለጠፍ ፊደልም አለች። በአሜሪካ ፓኬቶች ላይ «ዲ» ካለ አፍንጫ ከፋች ተጨምሮበታል ማለት ነው። ለምሳሌ ክላሪቲን ሎራታዲን ብቻ ነው፣ ክላሪቲን ዲ ግን ሱዶኤፌድሪን አለበት። «ፒኤም» ካለ ደግሞ የሚያስተኛ አንቲሂስታሚን ገብቶበታል። በብራንድ ስም ብቻ አትመኑ ያልኩትም በከንቱ አይደለም። ቤናድሪል አሜሪካ ውስጥ ዳይፌንሃይድራሚን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ስም የሚሸጡት የአለርጂ ኪኒኖች ሴትሪዚን ወይም አክሪቫስቲን ናቸው። ለንደን ያለች እህትና ዋሽንግተን ያለ ወንድም «ቤናድሪል ላኩልን» ተብለው ሁለት የተለያየ ነገር ሊልኩ ይችላሉ።

3. ሁለቱን ዝርዝሮች አስተያዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አትቸኩሉ።

አፍንጫ ከፋች ካለበት

የተደፈነ አፍንጫ የሚከፈተው ውስጡ ያበጡት የደም ሥሮች ሲጠቡ ነው። የተዋጠ ኪኒን ግን አፍንጫን ብቻ መርጦ አይሄድም። የሌላውንም የሰውነት ክፍል የደም ሥር ያጠባል፣ ልብንም ያስቸኩላል። ግጭቶቹ በሙሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

የግፊት መድኃኒት ከምትወስዱ እንጀምር። አምሎዲፒን የደም ሥርን ያሰፋል፣ ሱዶኤፌድሪን ያጠባል። ኢናላፕሪልም ሆነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግፊቱን ወደ ታች ሲጎትቱ ይሄኛው ወደ ላይ ይገፋል። ግፊታችሁ በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ሐኪም አይቶ ለአጭር ጊዜ ሊፈቅድ ይችላል። ካልተስተካከለ ግን አትንኩት። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2024 እ.ኤ.አ. ያጸናው ምክርም ይኸው ነው፦ ከባድ ወይም ያልተስተካከለ ግፊት፣ ወይም ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሱዶኤፌድሪን አይውሰድ። ምክንያቱ አልፎ አልፎ የአንጎልን የደም ሥሮች የሚያጠቃ ከባድ ችግር መታየቱ ነው።

ፕሮፕራኖሎልን ለብቻው አነሳዋለሁ። ለግፊት ብቻ ሳይሆን ለማይግሬን፣ ለእንቅርት፣ ለእጅ መንቀጥቀጥም ስለሚታዘዝ ሰዉ «ግፊት የለብኝም» ብሎ ያልፈዋል። ከአፍንጫ ከፋች ጋር ሲገናኝ ግን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ከባዱ ግጭት ማኦ አጋጅ ከሚባሉት፣ ማለትም ማኦ የተባለውን የሰውነት ኢንዛይም ከሚያግዱት መድኃኒቶች ጋር ነው። ለድብርት ፌነልዚንና ትራኒልሳይፕሮሚን፣ ለፓርኪንሰን ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን አሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው አፍንጫ ከፋች ቢውጥ ግፊቱ በድንገት ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊሰቅል ይችላል። ካቆሙ በኋላም 14 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። የሁለት ሳምንቱን መድኃኒት ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አገር ቤት ከፌነልዚን ይልቅ የሚያሳስበኝ ሊኔዞሊድ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጣል። ስሙ ከአንቲባዮቲክ ተራ ቢመደብም በጎን የማኦ አጋጅነት ባሕርይ አለው፤ ከሱዶኤፌድሪን ጋር ግፊት ይጨምራል። የቲቢ ሕክምና ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ጉንፋን መያዝ አይቀርም። ስለዚህ የቲቢ ክሊኒኩን ነርስ ሳትጠይቁ ምንም የጉንፋን ኪኒን አትዋጡ።

ለማይግሬን ኤርጎታሚን ያለበት መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ፤ ሁለቱም የደም ሥር ያጠባሉ። የአስም ፓፍ፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ የምትጠቀሙ ልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ሊጨምርባችሁ ይችላል። ለልጆች ትኩረት ማነስ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴትም እንዲሁ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ አፍንጫ ከፋች የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል እወቁ። ሽሮፑ ራሱም ብዙ ጊዜ ስኳር አለበት።

ጫት? ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ልክ እንደ አምፌታሚን ነው የሚሠራው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ልቡም ግፊቱም ቀድሞውኑ ተነስቷል። ሱዶኤፌድሪን ሲጨመርበት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ቡናም በልኩ ይሁን፤ ሦስት ስኒ ከነበረኪያው ጠጥታችሁ የቀን ጉንፋን ኪኒን ከዋጣችሁ ሌሊቱን ጣሪያ ስታዩ ታድራላችሁ።

የድሮ አንቲሂስታሚን ካለበት

እዚህ ጋ ሁለት ችግር አለ፦ እንቅልፍና ድርቀት።

ክሎርፌኒራሚን ብቻውን ያደነዝዛል። ከዳያዜፓም፣ ከፌኖባርቢታል፣ ከትራማዶል፣ ኮዴይን ካለበት የሳል ሽሮፕ፣ ከአሚትሪፕቲሊን ወይም ከክሎርፕሮማዚን ጋር ሲሆን ድንዛዜው ይደራረባል። ከኦፒዮይድ ጋር፣ ማለትም እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ካሉት ጋር ሲሆን ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል። መጠጥም እዚሁ ይገባል። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ አረቄም ይሁን ቢራ፣ ያው አልኮል ነው። ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ ወጥቶ፣ ቤት ሲገባ «ጉንፋኔ» ብሎ የሌሊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ሰውነቱ ላይ ጭኗል።

ሹፌሮች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ማታ የተዋጠ ዳይፌንሃይድራሚን ጠዋትም ጭንቅላት ላይ ሊቆይ ይችላል። ነቅቻለሁ ብትሉም መሪ ላይ ያለው እጅ ይዘገያል።

ድርቀቱ ብዙም አይወራለትም። የድሮዎቹ አንቲሂስታሚኖች አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ በዕድሜ የገፋን ሰው ደግሞ ግራ ያጋባሉ። ይህንኑ የሚያደርጉ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። አሚትሪፕቲሊን አንዱ ነው፣ ለእንቅልፍ፣ ለነርቭ ሕመምና ለራስ ምታት በብዛት ይታዘዛል። ከአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጋር አብሮ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ሌላው ነው። ለሆድ ቁርጠት የሚወሰደው ሃዮሲንም አለ፣ ብዙ ሰው ቡስኮፓን ብሎ ነው የሚያውቀው። ከእነዚህ አንዱ ከአንቲሂስታሚኑ ጋር ሲገናኝ አባባ ሌሊት ተነስተው ሽንት እምቢ ሊላቸው፣ ወይም ሽንት ቤት ሲሄዱ ተንገዳግደው ሊወድቁ ይችላሉ። ፕሮስቴት ላለበት ሰው ታምሱሎሲን መንገዱን ሲከፍት የጉንፋን ኪኒኑ ይዘጋል። ግላኮማ ያለበትም፣ በተለይ ጠባብ ማዕዘን የሚባለው ዓይነት፣ ከዓይን ሐኪሙ ሳይማከር አይውሰድ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ዳይፌንሃይድራሚን ጉበት የግፊትና የልብ መድኃኒት የሆነውን ሜቶፕሮሎልን እንዳይፈጭ ስለሚያግድ የልብ ምት ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል። ፕሮሜታዚን ደግሞ ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ከሃሎፔሪዶል ጋር የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛባ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ተርፌናዲን የሚባል፣ «አያስተኛም» ተብሎ የተወደደ አንቲሂስታሚን ነበር። ከአንቲባዮቲኩ ኤሪትሮማይሲን ወይም ከፈንገስ መድኃኒቱ ኬቶኮናዞል ጋር ሲወሰድ ልብን ስለሚያዛባ በ1998 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነ

ግጭቱ ትንሽ ነው። ሴትሪዚን አንዳንዱን ሰው ያስተኛል፤ ከመጠጥ ጋር አትቀላቅሉት። ፌክሶፌናዲንን በውኃ ብቻ ዋጡ። የብርቱካንና የአፕል ጭማቂ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሱታል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒትም እንደዚያው።

አብረው የተደበቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፓራሲታሞል ነው። ቅድም ያየነውን የሌሊት ኪኒን አስቡ። ሁለቱ 650 ሚሊግራም ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ከተወሰደ 2,600። «ራሴን አመመኝ» ብላችሁ ባለ 500ውን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ብትጨምሩ 3,000 ይመጣል። ድምሩ 5,600 ነው። ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 4,000 ሚሊግራም ነው። ጉበት የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው፣ ሕመሙም ቶሎ ላይታወቅ ይችላል። አይሶኒያዚድ ለሚወስድ የቲቢ ታካሚና አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ጣሪያው ከዚህም ዝቅ ይላል።

በፓራሲታሞል ፋንታ አይቡፕሮፌን ያለበትም አለ። እሱም ግፊት ይጨምራል፣ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ያደማል። የሳሉ ዴክስትሮሜቶርፋን ከድብርት መድኃኒቶቹ ከፍሉኦክሰቲንና ከሰርትራሊን፣ በተለይም ከማኦ አጋጆች ጋር አይስማማም፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳትና መቅበዝበዝ ያመጣል።

4. ከተጋጨ፣ በነጠላው ተኩት

እኔን ከጠየቃችሁኝ ባይጋጭም ነጠላ መድኃኒት እመርጣለሁ። ያስቸገራችሁን አንድ ነገር ለዩና ለእሱ ብቻ ውሰዱ።

ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ ከሆነ ፓራሲታሞል ብቻውን ይበቃል። ሳል ከሆነ አንድ ማንኪያ ማር፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። አፍንጫው ከተደፈነ ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ እጠቡት። የዝንጅብል ሻይና እንፋሎትም ያቀላል። ጉንፋን በሳምንት በአሥር ቀን የሚሄድ ነገር ነው።

ስፕሬይ ከፈለጋችሁ ኦክሲሜታዞሊን ከኪኒኑ ያነሰ ወደ ደም ይገባል። ከሦስት ቀን በላይ ግን አይሁን። ካለፈ አፍንጫው ለምዶት ያለሱ አልከፈት ይላል። ከባድ ግፊት ያለበትና ማኦ አጋጅ የሚወስድ ስፕሬዩንም ቢሆን ሐኪሙን ይጠይቅ። ስቴሮይድ ያለበት ስፕሬይ፣ ለምሳሌ ፍሉቲካሶን፣ ሌላ ጉዳይ አለው። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይሄድም፤ ስቴሮይዱ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ለሐኪሙ ሳይነገር አይጀመርም።

ፌኒሌፍሪን ያለበትን ኪኒን ደግሞ ባትገዙት ይሻላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ የኤፍዲኤ፣ አማካሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው የሚዋጠው ፌኒሌፍሪን አፍንጫ እንደማይከፍት ተስማሙ። ኤፍዲኤ ራሱ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት ዝርዝር ይውጣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጥቅም ከሌለው የግጭት ስጋቱን ለምን እንሸከማለን? ሱዶኤፌድሪን ይሠራል። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመደርደሪያ ወርዶ ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ ገብቷል፤ መታወቂያ አሳይቶ ነው የሚገዛው። ያበሳጫል፣ ግን ፋርማሲስቱን ፊት ለፊት የምታገኙበት አጋጣሚ ነው። ዝርዝራችሁን አውጡ።

ለሕፃናት አጭር ነው። የአሜሪካ ፓኬቶች ከአራት ዓመት በታች አትስጡ ይላሉ። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጁ እንዲተኛ ብሎ ሽሮፕ ማጠጣትም ይቅር። የምታጠቡ እናቶች ሱዶኤፌድሪን ወተት እንደሚቀንስ እወቁ፤ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የክትትል ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩት።

5. «ሰዓት ለያይቼ እወስዳለሁ» አይሠራም

ብዙ ሰው የግፊቱን ጠዋት፣ የጉንፋኑን ማታ በማድረግ ያመለጠ ይመስለዋል። አምሎዲፒን 24 ሰዓት ሙሉ ደም ውስጥ አለ። ሱዶኤፌድሪን ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ረጅሙ ደግሞ 12 ሰዓት ይሠራል። መገናኘታቸው አይቀርም። ሰዓት መለየት የሚጠቅመው እንደ ፌክሶፌናዲንና የጨጓራ መድኃኒት ዓይነት ሆድ ውስጥ ለሚጋጩት ነው። ለእነሱ ሁለት ሰዓት ልዩነት በቂ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የጉንፋኑን ለመዋጥ የግፊቱን ወይም የሚጥል በሽታውን መድኃኒት መዝለል ነው። መቅረት ካለበት የሚቀረው የጉንፋኑ ነው።

6. ፋርማሲው ላይ እንዲህ በሉ

«የጉንፋን ስጪኝ» በሚለው ፋንታ፦ «እህቴ፣ ለእናቴ ነው። አምሎዲፒን 10 እና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ ትኩሳት የላትም። ይሄ ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን አለ?»

ሰልፉ ረጅም ቢሆንም፣ ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም፣ ጠይቁ። ከተከፈተ ፓኬት ተቆርጦ ያለ ስም የሚሰጥ ቅጠል ከሆነ ስሙን አስጽፉ።

7. ከዋጣችሁ በኋላ

ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካለ በመጀመሪያው ቀን ለኩ። ልብ መምታት፣ መቅበጥበጥ ወይም ከባድ ድብታ ከመጣ ቀጣዩን አትዋጡ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ወዲያው ወደ ድንገተኛ የሚያስሮጡት እነዚህ ናቸው፦ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ በአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ መዘባረቅ፣ ለመንቃት መቸገር፣ የትንፋሽ መዳከም። ግፊቱ 180 በ120 ደርሶ ከእነዚህ አንዱ ካለ አትጠብቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። አሜሪካ ያላችሁ መድኃኒት በዝቶ ከተወሰደና ሰውየው ነቅቶ የሚናገር ከሆነ 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከል በቀንም በሌሊትም ይመልሳል።

ስትሄዱ ፓኬቱን ራሱን፣ ባዶም ቢሆን፣ ከዝርዝሩ ጋር ያዙ። ስንት ኪኒን በስንት ሰዓት እንደተዋጠም ጀርባው ላይ ጻፉበት።